ከሊማሊሞ አፋፍ የቆሙና ያልቆሙ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ይኸኛውም ሹፌር ቆመ! ጮክ ብዬ ስቄ ኖሮ የሻይ ቤቷ ባለቤት «ምነው እቴ፣ ደኅና ነሽ?» አለችኝ። ደኅና ነኝ። ከደኅናም በላይ ነኝ።

ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ የሊማሊሞ ቁልቁለት ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ፣ መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ አለ። ባለፈው ክረምት ፍሬን እየበጠሰ ገደል የሚገባው መኪና ሲበዛ የባለመኪኖቹ ማኅበር ሹፌሮቹን ሰብስቦ ጎንደር እኔ ዘንድ ላካቸው። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መምህርት ነኝ፤ ብዙ ነገር አላስተማርኳቸውም። አንድ ነገር ነው በጆሯቸው የጮህኩት፦ አፋፉ ላይ ቁም፤ ውረድ፤ መኪናህን ዙር፤ እያንዳንዱ ጎማ ጋ አጎንብሰህ ፍሬኑን እይ፤ ከዚያ በከባድ ማርሽ ቀስ ብለህ ንዳ።

በፈተናው ሁሉም አለፉ። ፈተና ግን ወረቀት ነው፤ ወረቀት ላይ ገደል የገባ ሹፌር የለም። ስለዚህ ማኅበሩ «ሥልጠናው ሠርቷል አልሠራም፣ ሄደሽ እይልን» ሲለኝ ለሹፌሮቹ ሳልነግር መጣሁ። ካወቁብኝማ ሁሉም ጻድቅ ነው። ሻይ ቤቷ ከመንገዱ ራቅ ብላ ዳገቱ ላይ ናት። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ።

እና ቆሙ። ወረዱ። ዞሩ። ጎማው ጋ አጎነበሱ። እዚያው ሰፊው ቦታ ላይ አባ ተክሌ የሚባሉ ቄስ ጃንጥላ ዘርግተው ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ይለምናሉ። እሳቸውም ከሹፌሩ ጋር አብረው ይዞራሉ፤ ጸበል ይረጩ ይሆናል። ደግ። ሹፌሩ ፍሬኑን ይይ እንጂ ጸበልማ ማን ይጠላል።

ብርዱ ግን አያድርስ ነው። ጣቴ ብዕር አልይዝ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት ሣሩ ሁሉ ውርጭ ለብሶ ነበር። ሻይ ጠጣሁ፣ ደግሜ ጠጣሁ፣ ሆዴ ባሕር ሆነ።

ዛሬ አያ ምትኩን አየሁ። ከሠልጣኞቼ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው። አይሱዙ ይነዳሉ፤ ሲሚንቶ ጭነው ወደ ዛሪማ ይወርዳሉ። በመጀመሪያው ቀን «እኔ ሊማሊሞን ስወርድ አንቺ ጡት ትጠቢ ነበር» ብለው ክፍሉን በሳቅ ገደሉት። እኔም ዝም አላልኩ፤ «እርስዎ እስካሁን የወረዱት ሊማሊሞ ስለማረዎ ነው» አልኳቸው። በመጨረሻው ቀን እጄን ይዘው «እቴ፣ ሸጋ ነገር ነው ያሳየሽኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው ሲነሣ ደስ ይለኛል።

እሳቸውም ቆሙ። ያን ከባድ ሰውነታቸውን ይዘው ወርደው፣ ከአባ ጋር ዞረው፣ ጎማው ሁሉ ጋ አጎነበሱ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሞኝ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ፈጠን ይላሉ። ሁሉም። አጎንብሶ ቀና ማለት ነው፤ የፍሬን ቱቦ ለማየት ይበቃል? ልምድ ነው አልኩ። ልምድ ያለው ዓይን ቶሎ ያያል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬም ያልቆመ የለም። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ያልቆመ የለም! እንዲህ ያለ ውጤት በሕይወቴ አላየሁም።

ማታ ደባርቅ ስገባ ከሞላ ጋር እራት በላን። ሞላ ማኅበሩ የቀጠረው መካኒክ ነው። ከከተማው መውጫ ላይ ቆሞ፣ ወደ ሊማሊሞ የሚያልፈውን የማኅበሩን መኪና ሁሉ ከሥር ገብቶ ያያል፤ ፍሬኑ ያላማረውን ይመልሳል። ባለጌ አፍ አለው፤ ግን ሥራውን ይወዳል። ዛሬ አንዱን መልሻለሁ አለኝ፤ የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጭ ነበር።

«ሹፌሩ አላወቀም?» አልኩት።

«እኔ ካለሁ እሱ ምን ሊያይ ያጎነብሳል?» ብሎ ሳቀ።

አልሳቅኩም። እሱ ግን ከከተማው መውጫ የሚያየውን ነው የሚያወራው፤ አፋፉ ላይ የሚሆነውን አላየ። ያየሁት እኔ ነኝ። ይህን ለራሴ ደጋግሜ አልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጎንደር ገባሁ። ቀጥታ ወደ አቶ ይርጋ ቢሮ። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ሰው ሲያወራ ከጠረጴዛው ሥር እግራቸውን የሚያወዛውዙ። «ሁሉም ይቆማሉ» ስላቸው እግራቸው ቆመ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ከዚያ ተነሥተው ጨበጡኝ። ወዲያው ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «እንግዲያ ሞላን ለምን እዚያ አቆመዋለሁ? ሹፌሩ ራሱ ካየ ሁለት ሰው አንድ ፍሬን አያይም። ከሰኞ ጀምሮ ጋራዥ ይግባልኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም። «ትንሽ ብንቆይ» ልል ነበር መሰለኝ። ግን ሥልጠናዬ ሠርቷል ብዬ እንዴት ሞላ ይቆይ እላለሁ? ይቆይ ካልኩ አልሠራም ማለቴ ነው። አፌን ዘጋሁ። ሻይ አዘዙልኝ፤ ሻይ አስጠልቶኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ነግሦ ገባ። ስንመለስ ጎረቤቶች ጠሩን፤ ጠላው ጥሩ ነበር። እኔም ትንሽ በዛ አድርጌ ስለ ሊማሊሞ አወራሁ። አስማረ፣ ባሌ፣ ሲሰማኝ ቆይቶ ቤት ስንገባ፣ ጫማውን እያወለቀ፣ እንዲሁ እንደ ቀልድ ጠየቀኝ።

«ከሥልጠናው በፊትስ አይቆሙም ነበር?»

«ምን ማለት ነው?»

«አይ፣ እንዲሁ ነው። ድሮም ይቆሙ ከነበረ ያንቺ ሥልጠና ምን ጨመረ ብዬ ነው።»

ጮህኩበት። የሰው ድካም የማይታይህ፣ የሰው ደስታ የሚያምህ፣ አልኩት፤ ሌላም ያልኩት አለ፣ አልጽፈውም። እሱ ግን ክፉ አልተናገረም። እውነቱን ነው፤ ከሥልጠናው በፊት ሄጄ አላየሁም። አንድም ቀን። ገመድ ሳይዙ ጥጃ እንደ መግዛት ነው የሆነብኝ፤ አሁን ጥጃው የት እንደገባ አላውቅም።



ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። ያላሠለጠንኩት ሹፌር ፈለግኩ። አንድ የሌላ ማኅበር ሰው አገኘሁ፤ ወደዚያው መስመር የሚሠራ፣ የእኔን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ። «ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ትቆማለህ?» አልኩት።

እንደ እብድ አየኝ። «ሚካኤልን ሳልለማመን ልወርድ?»

«ወርደህ ትዞራለህ?»

«ጸበሉ እኮ ጎማው ላይ ነው የሚረጨው። አባ ይረጫሉ፣ እኔ አጎንብሼ ጎማውን ዳስሼ ግንባሬን እቀባለሁ። ሁላችንም እንዲያው ነን። አባቴም እንዲያው ነበር።»

አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ በመስኮት ያየሁት ማጎንበስ ይኸው ነው። ፍሬን አይደለም። ሰዎቹ በረከት ሲወስዱ እኔ ሥልጠናዬን ሳመሰግን ነበር። ሰፈሬ ውስጥ ስንቴ አይቼዋለሁ! የራሴ አጎት አዲስ መኪና ሲገዛ ጎማውን ጸበል አስረጭቷል። የምፈልገውን ነገር ሳይ ያደግኩበት ነገር ጠፋብኝ።

ሰውየው መኪናው ውስጥ ሲገባ ዞር ብሎ ጨመረልኝ፦ «አሁን ግን አባ የሉም። ንግሡ አልፏል፤ ጣሪያውም አልቋል፤ ጃንጥላቸውን አጥፈው ገብተዋል።»

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። አባ የሉም። ከሰኞ ጀምሮ ሞላ የለም። የእኔ ሥልጠናም፣ እንግዲህ፣ የለም።

አቶ ይርጋ ስልክ አያነሡም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

አቶ ይርጋ ጠዋት አነሡ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲያወሩ እግራቸው እየተወዛወዘ እንደሆነ በስልክ ይሰማኛል።

«መምህርት፣ ሐሙስ ዕለት ሁሉም ይቆማሉ ብለሽኝ ለቦርዱ ነግሬያለሁ። ዛሬ አንድ ሹፌር መናኸሪያ ላይ ነገረኝ ብለሽ ልገልብጠው? ማስረጃ አምጪ። ማስረጃ ካለሽ ሞላን በዚያው ቀን እመልሰዋለሁ።»

ለሞላ ደወልኩ። ዕቃውን ጠቅልሎ ትናንት ጎንደር ገብቷል። «እኔማ ጋራዡ ይሞቀኛል» አለ። ቅር እንዳለው ግን ድምፁ ያስታውቃል።

ስለዚህ እሄዳለሁ። ነገ ጾም ይገባል፤ ዛሬ ቅበላ ነው፤ አስማረ ሥጋ ገዝቶ ነበር። «የቅበላ ዕለት ባሏን ጥላ የምትሄድ» አለ፤ ግን ቦርሳዬን እሱ ነው እስከ መናኸሪያ የተሸከመልኝ። ስለ ዓርቡ ይቅርታ አልጠየቅኩትም። መኪናው ሲነሣ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር።

ደባርቅ ማታ ደረስኩ። አጥንት የሚሰብር ብርድ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ሻይ ቤቷ አልገባሁም። በቅርብ ልይ ብዬ ሰፊው ቦታ ጫፍ ላይ፣ አባ ጃንጥላቸውን ይተክሉበት የነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ወጥቶ ነበር። ከፊቴ ገደሉ አለ፤ ከሥሩ ገና ጭጋግ ነው።

መጀመሪያ የመጣው የአያ ምትኩ አይሱዙ ነው። ሲሚንቶ ጭኗል፤ ብቻቸውን ናቸው። ቦታው ጋ ሲደርሱ ዘገም አሉ። አሁን ይቆማሉ፣ አልኩ። ጃንጥላው የነበረበትን አዩ፣ አማተቡ። ከዚያ አዩኝ። ነጠላዬ ከፊቴ ወርዶ ነበር። ጥሩንባ ነፉልኝ፣ ፈገግ አሉ፣ አለፉ።

ተነሥቼ ነበር። እውነት ነው፣ ተነሥቼ ነበር። እጄን ከፍ ላደርግ ስል በልቤ «አንድ መኪና ማስረጃ አይሆንም» የሚል መጣ። ካስቆምኳቸው ቆሙ ይባላል። አቶ ይርጋ «ያስቆምሻቸውን ነው የቆጠርሽው?» ይሉኛል። ሁለተኛውን ልይ፣ አልኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሁለተኛውም አለፈ። እሱ ጭራሽ ዘገምም አላለ።

ከዚያ ቅጥቅጡ አውቶቡስ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። በመስኮቱ ሴቶች፣ ከእናቷ ጭን ላይ የቆመች ሕፃን። የሚነዳው ስንታየሁ ነው፤ በፈተናው አንደኛ የወጣው። ያኔ ማስረጃውም ምኑም ጠፋኝ። ከቦርሳዬ የፀሐይ ጃንጥላዬን አወጣሁና ዘርግቼ ከፍ አደረግኩት።

ቆመ። ወዲያው። ሳንቲም በእጁ ይዞ ወረደ፤ አባን ፈልጎ እኔን አገኘ።

«መምህርት!» አለ፣ ደንግጦ።

«ፍሬንህን አሳየኝ» አልኩት።

አልተከራከረም። አጎነበሰ፤ የት እንደሚያይ ያውቃል፤ ያስተማርኩትን አንድም አልረሳም። ከኋላ፣ በግራው ጎማ ውስጥ፣ የፍሬን ዘይት ፈስሶ ነበር። በጣቱ ነክቶ አሳየኝ። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ታዲያ እያወቅህ ለምን አላየህም?»

«ሞላ የሚያየው ነው የሚመስለኝ። ሞላ ከሌለ አባ አሉ። ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበረ፣ መምህርት።»

ተሳፋሪዎቹን አወረድን። አንዳንዶቹ ሰደቡኝ፤ ገበያችንን አስቀረሽብን አሉ። የሕፃኗ እናት ግን ጎማውን አየች፣ ገደሉን አየች፣ ልጇን ከነጠላዋ ሥር አስገባች።

ለአያ ምትኩ ደወልኩ። አይሠራም። ቁልቁለቱ ላይ ኔትወርክ የለም፤ ይህን አውቃለሁ። ደግሜ ደወልኩ። እኩለ ቀን አለፈ። ከታች የሚወጣ መኪና ሁሉ ፊት ቆሜ ጠየቅኩ። አንዱ «ከሥር አንድ አይሱዙ ተጋጭቷል፣ ሲሚንቶው መንገዱን ሞልቶታል» አለኝ። ሹፌሩስ? አላየም። ሰው ተሰብስቧል ብሎኝ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

የማውቀው ይኸን ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

በሕይወት አሉ። ተመስገን። ተመስገን። ተመስገን።

ፍሬኑ እንቢ ሲላቸው መኪናውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ወርውረውታል። ያዳናቸው የድሮ ልምዳቸው ነው፤ የእኔ ትምህርት አይደለም። እግራቸው ተሰብሯል፣ ደረታቸው ተጎድቷል። ወደ ጎንደር ሆስፒታል ወስደዋቸዋል። ሁለተኛው መኪና ዛሪማ በሰላም ገብቷል፤ ሹፌሩ ምንም እንዳልሆነ ሰው ስልኩን ያነሣል፤ የአያ ምትኩ ዕጣ ለእሱም ሊደርሰው ይችል እንደነበር እንኳ አያውቅም።

አቶ ይርጋ ራሳቸው ደወሉ። ደንግጠዋል፤ ደግሞም፣ እንዴት ብዬ ልበለው፣ ተገላግለዋል። «ማስረጃው ተገኘ እንግዲህ» አሉኝ። ሞላ ነገ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥቼ አስታወክኩ።

ማስረጃው። የሰው እግር ነው ማስረጃው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ጎንደር። አስማረ መናኸሪያ ጠበቀኝ። ይቅርታ አልኩት። «ለምኑ?» አለ፤ ረስቶታል ወይም የረሳ መስሏል። ብርቱካን ገዛን፣ አብሮኝ እስከ ሆስፒታሉ በር መጣ። ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ልግባ አልኩት።

አያ ምትኩ ትንሽ ሆነዋል። አልጋው ላይ ያ ትልቅ ሰውነት የት እንደገባ አላውቅም። ሚስታቸው አጠገባቸው ናት፤ ተነሥታ ሳመችኝ፣ ወንበሯን ሰጠችኝ። «አንቺ ካስተማርሽው ወዲህ እኮ ስጋቴ ቀልሎ ነበር» አለች። ልትወቅሰኝ አይደለም። እንዲያውም ልታመሰግነኝ ነው። መቀመጥ አቃተኝ።

ብርቱካኑን አስቀመጥኩ። «እግዜር ይማርዎ አያ» አልኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ገልጠው ብዙ ጊዜ አዩኝ። ድምፃቸው ከደረታቸው ሳይሆን ከጉሮሯቸው ነው የሚወጣው።

«ድንጋዩ ላይ ተቀምጠሽ አየሁሽ» አሉ። «አባን ሳጣ ልቤ ፈርቶ ነበር፤ ልቆምም ነበር። አንቺን ሳይ ዐረፍሁ። መምህርቷ ካለችማ፣ አንድ ነገር ቢኖር ትጠራኛለች አልሁና ለቀቅሁት።»

ሚስታቸው ላባቸውን ጠረገችላቸው። ከጎን ያለው በሽተኛ ያስላል።

«እቴ» አሉ ቆይተው፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ ለመረዳት እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ምነው ዝም አልሽኝ?»

ልመልስ ፈለግኩ። ማስረጃ እየሰበሰብኩ ነበር ልበላቸው? እርስዎ እንደሚቆሙ እንደማይቆሙ ልይ ብዬ ነው ልበላቸው? እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ እጃቸውን ይዤ ቆየሁ፤ ሳልመልስላቸው ተኙ።

አሁን ቤት ነኝ። አቶ ይርጋ ሹፌሮቹ ቅዳሜ እንደገና ይሰበሰቡ ብለዋል። እኔ አሠለጥናቸዋለሁ፤ ሌላ ሰው የለም። ከምን እንደምጀምር ግን አላውቅም። ዶክተሩ እግሩ ይድናል ብሏል፤ ደረቱን ነው እንጠብቅ ያለው።